በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ስለሚጻፍ መምሪያ ቃል

ለሀዲያና ለከምባታ አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለይዞታዎች የቀረበ ማብራሪያ

አገሩን የማያውቅ መንገደኛ ከመንታ መንገድ ላይ ሲደርስ ረጅም ንግግር አያስፈልገውም፤ «በቀኝ በኩል ሂድ፤ ወንዙን ስትሻገር ከተማው ይታይሃል» የሚለው አጭር ቃል ይበቃዋል። ይህም ቃል የሚጠቅመው በመንታው መንገድ ላይ የተነገረ እንደ ሆነ ነው። ከቤቱ ሳይነሣ ቢነግሩት ይረሳዋል፤ ከሳተ በኋላ ቢነግሩት ደግሞ የደከመበት አይመለስለትም። በየመሥሪያ ቤቱ በኮምፒዩተር የሚሠራ ጸሐፊም ነገሩ እንዲሁ ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የእርሻ ሚኒስቴር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበረ። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ብዙ ዘመን የመንግሥት ሥራ የተሠራው በወረቀትና በቀለም ነው፤ አሁን ግን መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳዎችን በመገናኛ መስመር የሚያያይዘው ወረዳ ኔት ተዘረጋ፤ በ2010 ዓ.ም. ገደማ የጤና መሥሪያ ቤቶች ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 በተባለው ሶፍትዌር ሪፖርት ማድረግ ጀመሩ፤ የገጠር መሬትም በፊንላንድ መንግሥት ርዳታ በተሠራው በብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት ይመዘገብ ዘንድ ተጀመረ። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕናም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ የአስተዳደር ከተማ ስለ ሆነች፣ ከዱራሜ፣ ከሾኔ፣ ከሺንሺቾ፣ ከአንጋጫና ከሌሎቹም ከተሞች የሚወጣው ሪፖርት ይልቁንም በዝቷል።

ስለ ሶፍትዌሩ ግዢና ስለ መስመሩ ዝርጋታ ብዙ ተነግሯል። በገጹ ላይ ስለሚጻፈው ቃል ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። መምሪያ ቃል የምንለው ከሚሞላው ሣጥን አጠገብ የሚቀመጠውን አጭር ማብራሪያ፣ በቁልፎቹ ላይ የተጻፈውን ስም፣ ከአደገኛ ሥራ በፊት የሚታየውን ማስጠንቀቂያና ስሕተት ሲገኝ የሚወጣውን መልእክት ነው። ይህ ቃል ትንሽ ቢመስልም ዐዋቂው በሌለበት ሰዓት ጸሐፊውን የሚመራው እርሱ ብቻ ነው።

፩ መምሪያ ቃል ሲጐድል ስለሚደርሰው ጉዳት

የገጠር መሬት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዓዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ፣ ያለ መሬት ሽያጭ የሚኖር ባለይዞታ መብቱ የሚታወቀው በመዝገብና በይዞታ ደብተር ነው። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬትም በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ በ1997 ዓ.ም. በዓዋጅ ቁጥር 456 ታዝዞ ነበር። ስለዚህ መዝገቡ ሲፈለግ ካልተገኘ መሬቱ እንደ ጠፋ ይቈጠራል።

በአንድ ወረዳ፣ ስፍራውን መጥቀስ ሳያስፈልግ፣ ይህን አይቻለሁ። ባሏ የሞተባት እናት ውርስ ለማስመዝገብ መጣች። ደብተሯን ዝናብ ስላበላሸው ቁጥሩ አይነበብም ነበር። ወጣቱ መዝጋቢ በመዝገቡ ፊተኛ ሆኖ የተጻፈውን የባሏን ስም «አለሙ» ብሎ ቢፈልግ ገጹ «አልተገኘም» ብሎ መለሰለት። ሴትዮዋም የቀበሌ ማስረጃ እንድታመጣ ተነግሯት ተመለሰች፤ በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ ነገሩን ሰምተው «ልጄ፣ በዓይኑ ዐ ሞክረው እንጂ» አሉት። መዝጋቢው «ዓለሙ» ብሎ ቢጽፍ መዝገቡ ወዲያው ወጣ።

መዝጋቢው ሰነፍ አልነበረም፤ ሶፍትዌሩም አልተበላሸም። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል ሠንጠረዥ በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዚያም ሠንጠረዥ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ፣ አልፉ አና ዓይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው። እኛ በአንድ ድምፅ የምናነባቸውን ኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ አድርጎ ይቈጥራቸዋል። ሆሳዕና፣ ሆሣዕና፣ ሆሳእና፣ ሆሣእና ተብሎ ቢጻፍ ለአንባቢ አንዲት ከተማ ናት፤ ፊደሎቹን እንዲያስታርቅ ተደርጎ ላልተሠራ ሶፍትዌር ግን አራት ከተሞች ናቸው።

ከመፈለጊያው ሣጥን በታች እንዲህ የሚል ቃል ቢኖር ኖሮ ያቺ እናት ሁለት ቀን ባልተመላለሰች ነበር፦

«ስሙ ካልተገኘ ተመሳሳይ ድምፅ ባለው በሌላው ፊደል ደግመው ይፈልጉ፤ ምሳሌ፦ አለሙ፣ ዓለሙ፣ ዐለሙ። ከዚህም በኋላ ካልተገኘ በሚስት ስም ይፈልጉ።»

፪ መምሪያ ቃል በቦታው ስለ መጻፉ

ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሶፍትዌር ሲያስገቡ ወፍራም የመማሪያ መጽሐፍ ያሳትማሉ፤ የሦስት ቀንም ትምህርት ይሰጣሉ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። የተማረው ሰው ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል፤ መጽሐፉም በኀላፊው ሣጥን ይቈለፍበታል። በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ጆን ካሮል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጀማሪ ሠራተኞችን ሲመረምር፣ ሰዎች መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ከማንበብ ይልቅ ወዲያው ሥራውን መሞከር እንደሚወዱ አስተዋለ። ስለዚህ ትርፍ ነገር የወጣለት፣ ስሕተት እንዴት እንደሚታረም ግን በግልጥ የሚናገር አጭር መምሪያ አዘጋጅቶ ቢፈትን፣ በአጭሩ የተማሩት ፈጥነው ለሥራ በቁ።

ይህ አሳብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ የቅዳሴውን መጽሐፍ ስንማር፣ ካህኑ የሚለው፣ ዲያቆኑ የሚለው፣ ሕዝቡም የሚመልሰው የትኛው እንደ ሆነ በቀይ ቀለም በዚያው በቦታው ተጽፎ እናገኝ ነበር። ያ የቀይ ቀለም ቃል ሁለት ወይም ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ምክንያቱንም አያብራራም። ምክንያቱን ለማወቅ የሚሻ ወደ መምህሩ ሄዶ ትርጓሜውን ይጠይቃል። በኮምፒዩተር ገጽም ሥርዓቱ እንዲሁ ይሁን፤ አጭሩ ትእዛዝ ከሣጥኑ አጠገብ፣ ረጅሙ ማብራሪያ ደግሞ ለሚፈልገው በሌላ ገጽ ይቀመጥ።

ያልተጠራ ረዳት ግን ሥራ ያደናቅፋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ኦፊስ በወረቀት ማያያዣ ክሊፕ መልክ የተሣለ ረዳት እየወጣ በሥራው መካከል ጸሐፊውን ይጠይቅ ነበር። ሠራተኛው ስለ ተሰላቸበት ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2001 ረዳቱ ካልተጠራ እንዳይወጣ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ደግሞ ፈጽሞ አስቀረው። ስለዚህ መምሪያው በሚያስፈልግበት ስፍራ ዝም ብሎ ይቀመጥ እንጂ የሚሠራውን ሰው እጅ አይያዝ።

፫ ስለ ቃል አመራረጥ

አንደኛ፤ አንድ ቃል አንድ ነገር ብቻ ያመልክት። በአማርኛ በተተረጐሙ ሶፍትዌሮች የሚታየው ትልቁ ስሕተት «ሰርዝ» የሚለው ቃል ነው። የተጀመረን ሥራ ሳይፈጽሙ መተውም «ሰርዝ» ይባላል፤ የተቀመጠን መዝገብ ፈጽሞ ማጥፋትም «ሰርዝ» ይባላል። እንግዲህ ጸሐፊው በስሕተት የማጥፊያውን ቁልፍ ነክቶ «ይህ ይዞታ ይሰረዝ?» የሚል ጥያቄ ቢወጣና ከሥሩ «እሺ» እና «ሰርዝ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ቢታዩ፣ ማጥፋት የማይፈልገው ሰው የትኛውን ይጫን? እንዲህ ቢባል ግን ጥርጥር አይኖርም፦ «ይህ ይዞታ ከመዝገብ ይጠፋል፤ ከጠፋ በኋላ አይመለስም።» ቁልፎቹም «መዝገቡን አጥፋ» እና «ሳላጠፋ ልመለስ» ይባሉ። ሊመለስ የማይችል ሥራ ሁሉ ይህን የመሰለ ግልጥ ማስጠንቀቂያ ይቅደመው።

ሁለተኛ፤ አነጋገሩ አክብሮት ያለው ይሁን። «ጻፍ» ቢባል ለወንድ ብቻ ነው፤ «ጻፊ» ቢባልም ለሴት ብቻ ነው። «ይጻፉ»፣ «ይምረጡ»፣ «ይመልከቱ» ቢባል ግን ለወንዱም ለሴቷም፣ ለወጣቱም ለሽማግሌውም ይስማማል። የቁልፍ ስም ግን እጅግ አጭር መሆን ስለሚገባው፣ ጸሐፊው ራሱ ለኮምፒዩተሩ የሚሰጠው ትእዛዝ ሆኖ «አስቀምጥ»፣ «ፈልግ» ቢባል ነውር የለበትም። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ሥርዓት መርጦ በገጹ ሁሉ መጠበቅ ነው።

ሦስተኛ፤ የሚጻፈው ሠራተኛው በሚያውቀው ቃል ይሁን። የሶፍትዌሩ ሠሪ በልቡ ያለውን ስም ሳይሆን የወረዳው ሰው በየቀኑ የሚናገረውን ስም መፈለግ ይገባል። «የመብት ማስተላለፊያ ክንውን ዓይነት» ከማለት «ምን ሊያስመዘግቡ መጡ? ውርስ፣ ስጦታ፣ ኪራይ፣ ፍቺ» ማለት ይሻላል።

አራተኛ፤ የአገሩ ቋንቋ አይዘንጋ። የሥራው ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም ባለጉዳዩ የሚናገረው ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ ነው። እነዚህ ቋንቋዎች ዛሬ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን ሁለቱም ከ15ቱ የማስተማሪያ ቋንቋዎች መካከል ሆነው በግዕዝ ፊደል ተምረውባቸዋል። ስለዚህ አባትየው የሚያነብበት ፊደልና ልጁ የሚያነብበት ፊደል የተለያየ ሊሆን ይችላል። ለባለይዞታው ተነብቦ የሚፈረምበት ጽሑፍ ካለ መምሪያው «ከማስፈረምዎ በፊት በባለይዞታው ቋንቋ ያንብቡለት» ብሎ ጸሐፊውን ያስታውስ። በ2006 ዓ.ም. የያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 በተባለው ቁጥር የእርሻ ምክር በስልክ ማሰማት ሲጀምር፣ ማንበብ የማይችል ገበሬም ቋንቋውን መርጦ እንዲሰማ ማድረጉ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው።

፬ ስለ ቀን፣ ስለ መስፈሪያና ስለ እንሰት

ብዙ ስሕተት የሚነሣው ጸሐፊው ባለማወቁ ሳይሆን ሣጥኑ ምን እንደሚፈልግ ባለመናገሩ ነው። ሦስት ምሳሌ እንሰጣለን።

ቀን። የእኛ ዘመን አቈጣጠር ከአውሮፓውያኑ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያንሳል። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በእነርሱ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በሚሠራ ሣጥን ላይ ጸሐፊው በእኛ 2016 ዓ.ም. የጀመረውን የሦስት ዓመት የመሬት ኪራይ «2016» ብሎ ቢጽፍ፣ ኮምፒዩተሩ ውሉ በ2019 አልቋል ብሎ ይቈጥራል፤ እንዲህ ከሆነ ውሉ በእውነት ሳይጀመር አራት ዓመት አስቀድሞ ያለቀ ይሆናል። 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ሶፍትዌር ደግሞ ጳጉሜን አይቀበልም። ስለዚህ ከሣጥኑ በታች «በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይጻፉ፤ ቀን/ወር/ዓመት፤ ምሳሌ፦ 03/13/2015 ማለት ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ነው» ተብሎ ይጻፍ። ሶፍትዌሩ የእኛን አቈጣጠር የማያውቅ ከሆነም ይኸው በግልጥ ይነገር፤ የመለወጫውም ሠንጠረዥ ይቅረብ።

መስፈሪያ። ጥማድ በየአገሩ ይለያያል። በሀዲያና በከምባታ ደግሞ ሰው ስለ በዛ የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሔክታር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ስሕተት ትልቅ ጠብ ያመጣል። «ስፋት» ብሎ ከመተው «ስፋቱን በካሬ ሜትር ይጻፉ፤ 1 ሔክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው» ማለት ይገባል።

እንሰት። ለስንዴና ለጤፍ የተሠራ ቅጽ «በዚህ ዓመት የተመረተ፣ በኩንታል» ብሎ ይጠይቃል። እንሰት ግን ተተክሎ ብዙ ዓመት የሚቈይ እንጂ በየዓመቱ የሚታጨድ አይደለም። ይህ ቅጽ ለሦስት ጸሐፊዎች ቢሰጥ አንዱ በጓሮ የቆመውን ተክል ቈጥሮ ይጽፋል፤ ሁለተኛው የቆጮውን ክብደት ገምቶ ይጽፋል፤ ሦስተኛው ባዶ ይተወዋል። ድምሩ ሆሳዕና ሲደርስ ማንም ሊያምነው አይችልም። በዚያም ድምር ዘር፣ ማዳበሪያና የችግር ጊዜ ርዳታ የሚታሰብ ከሆነ ጉዳቱ ወደ ገበሬው ቤት ይገባል። መምሪያው እንዲህ ይበል፦

«በዚህ ዓመት ተፍቆ የተገኘውን የቆጮና የቡላ ክብደት ብቻ ይጻፉ። ያልተፋቀውን እንሰት በሚቀጥለው ሣጥን በቁጥር ይጻፉ። ምንም ካልተፋቀ 0 ይጻፉ፤ ካልተጠየቀ ግን ባዶ ይተዉ።»

ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም። ዜሮ ተጠይቆ የለም የተባለ ነው፤ ባዶ ገና ያልተጠየቀ ነው። ይህ ልዩነት በገጹ ካልተነገረ ከዓመት በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም።

፭ ስለ ስሕተት መልእክት

በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ባለጉዳይ ከሚሰማቸው ቃላት የበዛው «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ መስመሩ ወይም መብራቱ ጠፍቷል። ብዙ ጊዜ ግን ገጹ «ስሕተት ተፈጥሯል» ብሎ ዝም ስላለ ጸሐፊው የሚያደርገው ቢያጣ የሚናገረው ቃል ነው። ባለይዞታውም ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ በዚህ አንድ ቃል ይመለሳል።

መልካም የስሕተት መልእክት ሦስት ነገር ይናገራል፦ ምን እንደ ሆነ፣ የተጻፈው ሥራ መትረፉን፣ ከእንግዲህ ምን ማድረግ እንደሚገባ። «መስመር ስለ ተቋረጠ ወደ ማዕከሉ አልተላለፈም። የጻፉት በዚህ ኮምፒዩተር ተቀምጧል። መስመሩ ሲመለስ ‹ላክ› የሚለውን ይጫኑ፤ ባለጉዳዩ ዳግመኛ መምጣት አያስፈልገውም።» ይህ መልእክት ጸሐፊውን ከፍርሃት፣ ባለጉዳዩንም ከከንቱ ድካም ያድናል። ነገር ግን ሥራው በእውነት ሳይቀመጥ ተቀምጧል ብሎ መጻፍ ዝም ከማለት የከፋ ነውና፣ ቃሉ ከመጻፉ በፊት ነገሩ ተፈትኖ ይረጋገጥ። መልእክቱም ሠራተኛውን አይውቀሰው፤ «ተሳስተዋል» ከማለት «የስልኩ ቁጥር 10 አኃዝ ሊሆን ይገባል፤ የጻፉት 9 ነው» ማለት ይበልጣል።

፮ አስተዳዳሪዎች ሊያደርጉት ስለሚገባ

«ሶፍትዌሩ ከበላይ የመጣ ነው፤ እኛ ምን እናደርጋለን?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ የፌዴራሉን ሶፍትዌር ወረዳው ሊለውጠው አይችልም። ሆኖም ብዙው ሪፖርት የሚዘጋጀው ዞኑና ወረዳው ራሳቸው በሠሩት የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። በኤክሴል «ዳታ ቫሊዴሽን» በሚባለው ክፍል ጸሐፊው ሣጥኑን ሲነካ የሚታይ እስከ 255 ፊደል የሚደርስ መምሪያ ቃል መጻፍ ይቻላል። ለእርሻ ጥናት በሚሠራበት በኮቦም ለየጥያቄው መምሪያ የሚጻፍበት ስፍራ አለ። እነዚህን ስፍራዎች ባዶ መተው የራሳችን ጥፋት እንጂ የማንም አይደለም። ሊለወጥ በማይችለው ሶፍትዌር ደግሞ መምሪያው በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ይለጠፍ።

አሠራሩም እንዲህ ቢሆን ይጠቅማል።

1ኛ፤ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ደብተር ይቀመጥ። ሠራተኞች ሥራ ሲይዛቸው ጎረቤታቸውን የጠየቁትን ጥያቄ ሁሉ ለሁለት ሳምንት ይጻፉበት። ብዙ ጊዜ የተደጋገመው ጥያቄ መምሪያ ቃል የጐደለበትን ስፍራ ያሳያል።

2ኛ፤ ቃሉን የሚጽፈው ሥራውን የሚያውቅ መዝጋቢ ይሁን፤ አማርኛው የጠራ አንድ ሌላ ሰውም ያርመው። የኮምፒዩተር ባለሙያው ብቻውን አይጻፈው።

3ኛ፤ ከመለጠፉ በፊት ሦስት ወይም አራት ሠራተኞች፣ ከእነርሱም አንዱ አዲስ ገቢ፣ ሳይረዷቸው እየሠሩ ይታዩ። ሠራተኛው በቆመበት ስፍራ የሚታረመው ቃሉ ነው፤ ሠራተኛው አይገሠጽ።

4ኛ፤ መምሪያው ከሁለትና ከሦስት ዐረፍተ ነገር ቢያልፍ ጉድለቱ ከሣጥኑ ከራሱ ሊሆን ስለሚችል፣ ለሶፍትዌሩ ባለቤት በደብዳቤ ይገለጥ። ክፉ ቅጽ በብዙ ማብራሪያ አይድንም።

5ኛ፤ ሕግ ሲለወጥ መምሪያውም ይለወጥ። የገጠር መሬት ዓዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ ዓዋጅ ቁጥር 1324 ስለ ተተካ፣ በቀድሞው ዓዋጅ መሠረት የተጻፈ መምሪያ ሁሉ ተመርምሮ ይታረም፤ ከሥሩም የተጻፈበት ቀን ይመልከት።

ባለይዞታዎች በበኩላችሁ መዝጋቢው የጻፈውን ስማችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም፣ የመሬታችሁንም ስፋት እንዲያነብላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ፤ የደብተራችሁንም ቁጥር በሌላ ወረቀት ገልብጣችሁ በሌላ ስፍራ አኑሩ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ አንድ ደብተር፣ የጥቂት ቀን ትጋትና የበላይ ሹም ፈቃድ ይበቃዋል። ስለዚህ ክቡራን አስተዳዳሪዎች፣ ይህ ጽሑፍ እንደ ደረሳችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ ከመዝጋቢው አጠገብ ተቀምጣችሁ አንድ ባለጉዳይ ከመግቢያው እስከ መውጫው ሲስተናገድ ተመልከቱ። መዝጋቢው እጁን አንሥቶ የቆመባቸውን ስፍራዎች ቈጥራችሁ ጻፉ፤ ሥራው የሚጀመረው ከእነዚያ ነው።